የሚማልባት ሴት

የሐጂ ሸሃታን ቤት ድህነት አላፈረሰውም፤ ድህነቱንማ ለምደውት ነበር። ቤቱን ያፈረሱት አባትና ልጅ በአፋቸው ነው። አባት ባልሆነ ነገር ማለ፣ ልጅ በእልህ መሐላውን ጣሰ፤ ፍዳውን ያየችው ግን ቃል ያልተነፈሰችው እናትየው ኢንሺራህ ናት።

ኢንሺራህ ከታንታ ከተማ ወዲህ ወዳለው መንደር ተድራ ስትመጣ ሰዉ ሁሉ በአሮጌ ጎማ ሥራ ይኖር ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። መኪና የጨረሰውን ጎማ ከካይሮና ከእስክንድርያ በጭነት ያመጡታል፤ ወንዶቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቢላቸውን በሳሙና ውሃ እየነከሩ እንደ ብርቱካን ይልጡታል። ከልጣጩ ባልዲና የከብት መመገቢያ፣ ከውስጡ ገመድ ይወጣል። ሽቦው ግን በቢላ አይገኝም። ሽቦውን የፈለገ የጎማውን ጠርዝ ጉድጓድ ውስጥ ከምሮ ያቃጥላል። በሐጂ ሸሃታ ግቢ ይህን ጉድጓድ የሚጠብቀው የበኩር ልጁ ጋቢር ነበር። ጋቢር ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ እሳቱን ሲቆሰቁስ አደገ፤ ጎረመሰ፤ ከዚያም ሳል ጀመረው። አባቱ «ብርድ ነው» አለ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባም «ብርድ ነው» አለ። ደረቱ ተበልቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ እናቱ ጀርባውን ደግፋ በማንኪያ ውሃ ስታጠጣው እንኳ ከአባቱ አፍ ሌላ ቃል አልወጣም። የሞተ ዕለት አስከሬን አጣቢው ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥላሸት አልለቅ ብሎት ደጋግሞ ሲያሽ፣ ኢንሺራህ ከበር ማዶ ሆና የውሃውን ድምፅ ትሰማ ነበር... ያን ድምፅ ሰምታ እንዴት በእግሯ ቆመች? እሷም አታውቀውም። ሰው ግን እስከ ዛሬ ባሏን አቡ ጋቢር፣ እሷን ኡም ጋቢር፣ የጋቢር አባት፣ የጋቢር እናት ብሎ ይጠራቸዋል። የሞተ ልጇን ስም ቀኑን ሙሉ እየጠሩ ሽንኩርት ይበደሯታል።

ሁለተኛው ልጅ ሩሽዲ የወንድሙን አርባ ካወጣ በኋላ ወደ ከተማ ሄዶ ጎማ ፈጭቶ የሚሸጥ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረ። ለሠርጉ ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶ ያገለገለ መፍጫ ሲገዛ የእጮኛው ቤተሰብ «ልጃችንን በብረት ለወጣት» ብለው ቀለበቱን መለሱለት። እሱ ግድ አልሰጠውም። ማሽኑን በጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ የማቃጠያውን ጉድጓድ በአፈር ሞላው፤ ሲሚንቶ አፈሰሰበትና ማሽኑን እላዩ ላይ ተከለው። ለማሽኑ ግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ሩሽዲ አውቆ ነው። አባትየውም አውቆ እንዳደረገው ገባው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሐጂ ሸሃታ፣ ቢላውን እንደያዘ ከደጃፉ ተነስቶ።

«መፍጫ ነው አባ። ጎማውን ከነሽቦው ይበላዋል። ሽቦውን ማግኔት ይለቅመዋል፣ ፍርፋሪው በዚህ በኩል ይወጣል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ።»

«አንተን ምን አብልቼ ያሳደግኩህ ይመስልሃል? ጭስ ነው።»

«እኔን አሳድጎኛል። ጋቢርን ግን...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። አጥር ላይ የተደገፉት ጎረቤቶች ቢላቸውን አስቀመጡ። አንዱ ነገሩን ለማብረድ ብሎ፣ «ሩሽዲ፣ ብቻ እኛን እንዳይበላን ማሰሪያ አብጅለት» አለ፤ የሳቀለት የለም። ሐጂ ሸሃታ ፊቱ ደም መሰለ። እጁን አንስቶ ሁሉም እየሰማው፣ «በቁሜ ይህ ብረት በዚህ ግቢ ከዞረ፣ ሚስቴ በሦስት ፍቺ የተፈታች ትሁን» አለ።

በሚስት ፍቺ መማል እዚያ አገር እንደ ጨው ነው፤ በሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል። እንግዳው ዳክዬውን እንዲጨርስ በሚስት ፍቺ ይማልበታል፤ የቲማቲም ዋጋ ሲከራከሩም፣ የሻይ ሒሳብ ለመክፈል ሲሽቀዳደሙም ይማላል። ሴቶቹ በየቀኑ ይፈታሉ፣ በየቀኑም ምሳ ያቀርባሉ። መሐላው ጉዳት የማያመጣው ሌላኛው ሰው ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ ነው፤ እንግዳው ዳክዬውን ይበላል፣ ሻጩ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ሴትዮዋም ትተርፋለች። ኢንሺራህ በዚህ ዓይነት ስንት ጊዜ ተርፋለች! ያን ዕለትም ሩሽዲ እንደ ሰው ልጅ ይሸነፋል ብላ ሊጥዋን ማቡካቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ጠዋት የባሏን ቁርስ፣ ፉልና ዳቦ፣ በሳህን ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ ማሽኑ ተነሳ። መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ዳክዬዎቹ ተበታተኑ። ሐጂ ሸሃታ በሩ ላይ ተቀምጦ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። ሳህኑ እጇ ላይ ነው። ይህን ፉል ለማን ነው የምታቀርበው? ለባሏ ነው ወይስ ለማታውቀው ሰውዬ? ወጣትነቷን ሁሉ ያፈሰሰችበት ቤት መሃል ቆማ አንድ ሳህን የምታኖርበት ቦታ አጣች። በመጨረሻ መሬት ላይ አስቀምጣው የራስ መሸፈኛዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ሽማግሌዎቹ የመንደሩን ሼህ፣ ሼህ መብሩክን ይዘው መጡ። ኢንሺራህ የሻይ ትሪ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉ ሼሁ። «ስትምል ልጅህን ልታስፈራራው ነው ወይስ ሚስትህን ልትፈታት? ለማስፈራራት ከሆነ አሥር ድሃ አብላና ነገሩ ያልቃል። ቤትህም ቤትህ ነው።»

ሐጂ ሸሃታ አፉን ከፈተ። ሊለው ነበር። ኢንሺራህ በመጋረጃው ቀዳዳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ ሊለው ነበር...

«ለማስፈራራት ነው በላቸው እንጂ አባ» አለ ሩሽዲ ከበሩ። «ሊያስፈራራኝ ነበር፣ ሼህ። እኔ ደግሞ አልፈራሁም።»

የአባትየው አፍ ተዘጋ። ሲከፈት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ያልኩትን ነው ያልኩት። ፈትቻታለሁ።»

ኢንሺራህ የሻዩን ትሪ በመጋረጃው ሥር ወደ እነሱ ገፋችው። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው፣ «ሦስቴ የተፈታች አትመለስም፤ ባንድ ቃል የተባለ ሦስት ግን እንደ አንድ ነው» አሉ። «ሦስት ወር አለህ። በዚህ መሃል መልሼሻለሁ ካልካት ሚስትህ ናት። ካለፈ ግን አለፈ። አንተም ሩሽዲ፣ እናት አለችኝ የምትል ከሆነ...» ብለው ሳይጨርሱ ሻያቸውን አንስተው ጠጡ። አዋቂ ሰው ነበሩ፤ የሚጨርሱት ነገር እንደሌለ ገብቷቸዋል።

ኢንሺራህ ሰገነቱ ላይ ወዳለችው የእርግብ ክፍል ወጣች። ከላይ ሆና ለሁለቱም ታበስላለች፣ ለሁለቱም ታጥባለች፣ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች። አባትየው ማሽኑ ካልቆመ አልመልሳትም አለ። ልጅየው ጋቢርን የገደለው ጭሱ መሆኑን አባቱ በአፉ ካልተናገረ አላቆምም አለ። ሥራው ደግሞ ተሳካ፤ ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ምንጣፍ የሚሠራ ሰው ፍርፋሪውን ሁሉ ይገዛል፤ ከአጥር ላይ ያፌዙ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ሥራ ይለምናሉ። በዚያች መንደር ሰማዩ አንድ ቦታ ላይ ጠርቶ የታየው ከኢንሺራህ ራስ በላይ ነበር። ልቧ ግን ምን ጊዜ አግኝቶ ይየው?

ሐጂ ሸሃታ ይስል ጀመር። ሳሉ ከታች እየተነሳ በጣሪያው ይደርሳታል፤ ታውቀዋለች፤ የጋቢር ሳል ነው። የዘይቱና ቅጠል አፍልታ ወረደች።

«ብረቱ ቆመ?» አላት ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

«አልቆመም። ጠጣው፣ ይቀዘቅዛል።»

«ከባዕድ ሴት እጅ አልጠጣም።»

ኩባያውን ራስጌው አስቀምጣ ወጣች። ጠዋት ስትመጣ ባዶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ቀኑን ሙሉ ግን በሆዷ ይዛው ዋለች፣ እንደ ጽንስ።

በዚያው ብርታት ወደ ልጇ ሄደች። ሩሽዲ ከአናቱ እስከ እግሩ ጥቁር አቧራ ለብሶ የማሽኑን ቀበቶ ያጠብቃል።

«አንድ ቀን አጥፋው ልጄ። አንድ ቀን ብቻ። አባትህ ቃሉን የሚውጥበት ቀዳዳ ስጠው።»

«ጭሱ ነው የገደለው ይበል፣ አጠፋዋለሁ።»

«እሱን ካለ በኋላ ምን ይዞ ይኖራል?»

«ጋቢርስ ምን ይዞ ኖረ?»

«ጋቢርን የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች ኢንሺራህ። «ሁለታችሁም ስሙን እንደ ዱላ ታነሱታላችሁ። አንድ ቀን እንኳ ዱላው የት እንደሚያርፍ አይታችሁ አታውቁም።»

ሩሽዲ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ሰብሮ፣ «እማ፣ ራቅ በይ፤ ቀበቶው ቀሚስሽን ይይዘዋል» አለ።

ሦስተኛው ወር እንዲህ ሆኖ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ኢንሺራህ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ እርግቦቹ መሃል ተቀመጠች። ታንታ ያለችው እህቷ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት፤ ወደዚያ ትሄዳለች። ዓሥር ሰዓት ላይ ማሽኑ ዝም አለ። መጀመሪያ መብራት የጠፋ መሰላት፤ ግን የጎረቤት ራዲዮ ያወራል። ተነሳች፤ ቋጠሮዋን አንስታ ግድግዳ ይዛ ወረደች። ልቧ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት እንደገባችበት ቀን ይደልቃል። ሩሽዲ ከነአቧራው አባቱ አልጋ እግርጌ ቆሟል። እንባው ጥቁሩን ፊቱን ሁለት ቦታ ሰንጥቆታል።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ። «ለእሷ ስል ነው።»

ሐጂ ሸሃታ በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። ዓይኑ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልታየ ብርሃን ነበር፤ ወደ ልጁ እያየ፣ «እንዲያ ነዋ። ወንዱ ማን እንደሆነ ገባህ» አለ። ከዚያ እንደ ተረሳ ነገር፣ ዞር ሳይል፣ «መልሻታለሁ። ሻይ አፍልታ ታምጣ» አለ።

በቃ፤ ያ ነበር። ሦስት ወር የጠበቀችው ቃል ያ ነበር። ዓይን የሌላት ይመስል ዓይኗን እንኳ ሳያይ ሚስቱ ሆነች።

ሩሽዲ እንባውን በክንዱ ጠረገ። «እንግዲህ መሐላህ ወጥቶልሃል አባ። ነገ ሥራዬን እጀምራለሁ።»

«ነገ ምን አልክ?»

«የተማለበት ማሽን አንዴ ዞሯል፣ መሐላውም በዚያው አልቋል። ሼሁን ጠይቅ።»

አባትየው ሳሉ እያነቀው እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ነገ ከዞረ፣ ስማኝ፣ ነገ ይህ ብረት ከዞረ ሚስቴ...»

«ቆይ አቡ ጋቢር» አለች ኢንሺራህ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ግን ሁለቱም ዞሩ። በዚያ ቀን መጀመሪያ ያዩዋት ያኔ ነው፤ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ቋጠሮዋን በክንዷ ይዛ።

«ልውጣና ጨርሰው» አለች።

«እማ...» አለ ሩሽዲ።

«ሻዩን ራሳችሁ አፍሉት። ስኳሩ ከመደርደሪያው ሥር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የምትምሉበት ሌላ ነገር ፈልጉ።»

የሰው ዕጣ ግንባሩ ላይ ተጽፏል ይባላል። ተጽፎ ከሆነ፣ ልጇን በጭስ የቀበረች፣ ባሏን በአንድ ቃል አጥታ በአንድ ቃል ያገኘች የዚህች ሴት ግንባር ላይ ማን ይሆን የጻፈው? ፈጣሪ ነው እንዳይባል ፈጣሪ እንዲህ ግድየለሽ አይሆንም። ሐጂ ሸሃታ እጁን እንዳነሳ ቀርቷል፤ ያነሳውን ለማውረድ ምክንያት አላገኘም። ሩሽዲ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ወደ አባቱ አየ፤ እዚያው ቆመ።

ኢንሺራህ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።