ሰብሳቢው እጁን ያወጣ ዕለት

በዚያ የፊልም ክበብ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ሰብሳቢ የመናገር ዕድል ይሰጣል እንጂ አስተያየት አይሰጥም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱኒስ ውስጥ፣ ተማሪዎቹ በሚከራዩት አሮጌ ሲኒማ ቤት ፊልሙ ያልቃል፤ መብራቱ ይበራል፤ ክርክሩ ይጀመራል። የወጣ እጅ እያለ ክርክር አይዘጋም። በእነዚያ ዓመታት ስለ አገር በግልጽ መናገር ስለሚያስጠይቅ፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ሥልጣን የሚባለው ሁሉ በፊልሙ ባለታሪኮች ተመካኝቶ ይባል ነበር። መጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጠውን ሰላይ ሳይቀር ሁሉም ያውቀዋል። «ሲ ሙንጂ»፣ አቶ ሙንጂ እንደ ማለት፣ እያሉ በአክብሮት ሰላም ይሉታል፤ እሱም አጸፋውን መልሶ ያንቀላፋል።

ዶራ ያን አዳራሽ ስታስብ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣባት የወንበሮቹ የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነው። ቀጥሎ የላስዓድ ዝምታ።

ላስዓድ ሰብሳቢው ነበር፤ ፎስፌት ከሚወጣባት ከሩቋ ደቡብ፣ ከመትላዊ የመጣ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ። መጀመሪያ ያየችው ስለ መዝወድ ስትከራከር ነው። በፍየል ቆዳ ከረጢት እየተነፋ ሠርግ የሚደምቅበት ይህ ዘፈን ጥበብ ነው ብትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

«እህት ዶራ አልጨረሱም» አለ፤ ሳቁም ተቆረጠ።

ከክርክሩ በኋላ በር ላይ፣ ፍሪካሴ ከሚሸጡት አዛውንት ፊት አገኘችው። በዘይት የተጠበሰውን ዳቦ ሐሪሳ በሚሉት የበርበሬ ድልህ ቀይ አድርጎ ሊገምጥ ነው።

«አንተስ ስለ መዝወድ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ።»

«ኧረ ባክህ! አሁን እኮ ዳቦ እየበላህ ነው።»

«እዚህ ካወራሁ፣ ቅዳሜ ሁሉም የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግምልኝ።»

«እና ሠርግህ ላይ ማን ሊዘፍን ነው? ወይስ እዚያም ዕድል እየሰጠህ ልታመሽ ነው?»

ሳቀ። አገጩ ላይ የወረደውን ዘይት ለመጥረግ ዘገየ። ዓይኗ ዓይኑ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በመንገዱ ወደሚያልፈው ትራም ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ ለውዝ የተነሰነሰበት ሻይ ይጠጣሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል።

«ይወድሻል» አለቻት ጓደኛዋ ሲሪን።

«ብሎሻል?»

«እሱ የሚል ይመስልሻል? ዓይኑ እንኳ ተራ ጠብቆ ነው የሚያይሽ።»

በሰኔ ላስዓድ ተመረቀ፤ በትውልድ ከተማው መምህር ሆኖ ተመደበ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። በዚያው ምሽት ባቡር ይሄዳል። ዶራ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምንም ሳትል ልትሄድ ነው?»

እሱ አልፏት ወደ አዳራሹ ገባ። እዚያም ሰብሳቢነቱን ለቀቀ፤ በቦታው እሷ እንድትመረጥ ጠየቀ። እጅ ወጣ፤ ተመረጠች። በንዴት ተቀበለች፤ መድረኩ ላይ ወጣች።

የዕለቱ ፊልም በደሴት ላይ ለመርከቦች መብራት ስለሚያበራ ብቸኛ ሰው ነበር። አንዲት ሴት በየሳምንቱ ዘይት ታመጣለታለች፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ «ተቀመጪ» ሳይላት ፊልሙ ያልቃል። ተማሪዎቹ ትሕትናውን አደነቁ። ያኔ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ።

«ወንድም ላስዓድ» አለች ዶራ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ትሑት አይደለም፤ ፈሪ ነው» አለ ላስዓድ። «ለመርከብ ሁሉ መንገድ ያሳያል፤ ለራሱ አንድ ጀልባ አልቀዘፈም። ሥራዬ ነው እያለ ከመብራቱ ጀርባ ይደበቃል። እኔ አውቀዋለሁ። አገሩ ሩቅ ነው፤ አቧራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ «ነይ» ብሎ መጥራት አፈረ። ቢጠራት ግን ትመጣ ነበር? ይህን ነው መጠየቅ የምፈልገው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሴትየዋን ማለቴ ነው።»

ሲ ሙንጂ ነቅቶ ነበር።

መልሱ ዶራ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ሰብሳቢ ከሆነች ገና ሁለት ሰዓት አልሞላትም፤ ሕጉንም በእሷ ላይ ያጸናው ራሱ ላስዓድ ነው። በር ላይ እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

«እናመሰግናለን» አለች። «ሌላ እጅ?»

እጅ በእጅ ላይ ወጣ። አንድ የፍልስፍና ተማሪ ፊልሙን ያህል ተናገረ። ላስዓድ ሰዓቱን አየ፤ ተነሣ፤ በሩ ዘንድ ትንሽ ቆመ። ምስጋናዋን እንደ መልስ ቆጥሮ ወጣ።

ክርክሩ ተዘግቶ ስትሮጥ ብትወጣ፣ በር ላይ ያሉት አዛውንቱ ብቻ ነበሩ።

«ሄደ፣ ልጄ» አሏት። «ዛሬስ አልበላም።»

ደብዳቤ ልትጽፍ ሞክራ ተወችው። ጥያቄው የተጠየቀው በሰው ፊት ነው፤ መልሱም በሰው ፊት ይገባዋል። እናቷ «ከቱኒስ ወጥተሽ ለፎስፌት አቧራ?» እያሉ ከረሙ። እሷ ግን ወሬ ስትጠባበቅ ቆየች፤ በጸደይ ወሬው መጣ። ላስዓድ በማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ የፊልም ክበብ ከፍቷል።

መትላዊ ስትደርስ ፊልሙ ተጀምሯል። በጨለማው ገብታ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መብራት ሲበራ ፊት ለፊቷ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ዞረው አዩዋት።

«ደግሞ ሴት ሰላይ መላክ ጀመሩ?» አለ አንዱ።

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

ዶራ እጇን አወጣች። ላስዓድ አያት፤ የያዘው እርሳስ ከእጁ ወደቀ።

«እህት…» አለ፤ ደግሞ ጀመረ። «እህት ዶራ።»

«እኔ የምናገረው በሌላ ፊልም ላይ ነው፤ ይቅርታ» አለች ተነሥታ። «ሴትየዋ ብትጠራ ትመጣ ነበር ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ ሰብሳቢዋ በሕግ ተይዛ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ትመጣ ነበር። መጥታለችም። አቧራውንም አየችው፤ የተወራለትን ያህል አይደለም።»

ላስዓድ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ሰብሳቢ ነው፤ ሕጉን ወደዚች ከተማ ያመጣው እሱ ነው፤ የወጣ እጅ እያለ ክርክሩ አይዘጋም።

«እናመሰግናለን» አለ። «ሌላ… ሌላ እጅ አለ?»

በመትላዊ ሰው መናገር ይወዳል፤ ለአንድ ፊልም እስኪመሽ የሚከራከሩ ናቸው። ዶራ ካየቻቸው ፊልሞች ዛሬ ብዙዎቹን ረስታለች። የዚያን ቀን አዳራሽ ግን አልረሳችም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞረው ሁሉንም በዓይናቸው ገሠጹ፤ ከዚያም እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። አጠገባቸው ያለውም ከተተ። ረድፉ ሁሉ ከተተ።

አንድም እጅ አልወጣም።