በዓባይ በረሃ የዘገየው መልእክት

የዓለምዘርፍ ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የአውቶቡስ ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በየአውቶቡሱ የተገጠመው መሣሪያ መኪናው ያለበትን ቦታ በየደቂቃው ይልካል። እሷ የሠራችው ፕሮግራም ደግሞ የደረሰውን መልእክት በየዐሥር ደቂቃው እየሰበሰበ ፍጥነት ያሰላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሾፌር በሯን አንኳኩቶ ገባ።

«የዓለምዘርፍ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ይስማው እባላለሁ። ዓባይ በረሃ ላይ በረረ ብለሽ የከሰስሽኝ። አንድ ጊዜ ከተደገመ መኪናውን አስረክብ ብለውኛል፣ ሥራ አስኪያጁ።»

«እኔ አይደለሁም፤ ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ነገ አብረሽኝ ውረጂና ዓይንሽ ይፍረድ።»

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ፊቱ ላይ ያየችው ሐዘን ግን አላስቻላትም። እሺ አለችው።

በማግስቱ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። ደጀንን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ይስማው እንቁላል እንደጫነ ሰው ኩርባውን ሁሉ በዝግታ ይዞራል። ሥራ የፈታ ዓይኗ እጆቹ ላይ አረፈ።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት።

«ገደሉን ነው አንተን?»

«ገደሉን ለእኔ ተይው።»

«እንግዲያው አልፈራሁም።»

ይስማው ፈገግ ብሎ የሚቀጥለውን ኩርባ ዞረ። 

ድልድዩን ተሻግረው፣ ዳገቱን ጨርሰው ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ኔትወርኩ መጣ። ወዲያው ላፕቶፑ ጮኸ፦ «ይስማው፤ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት።»

የዓለምዘርፍ ደነገጠች። በረሃው ውስጥ ታግተው የቆዩት መልእክቶች በአንድ ጊዜ ጎርፈዋል። ፕሮግራሟ የቆጠረው የተላኩበትን ሰዓት ሳይሆን የደረሱበትን ነበር። የዚያን ሁሉ ጊዜ ጉዞ በዐሥር ደቂቃ የተጓዘው አስመስሎታል።

«ይስማው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። «አንተማ ምንም አላጠፋህም።»

እንደተመለሰች ፕሮግራሙን አስተካከለች። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ መልእክት በደረሰበት ሳይሆን በተላከበት ሰዓት ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ከበረሃው የሚዘገዩትን ሳይጠብቅ አይዘጋም። ለሥራ አስኪያጁ ራሷ ገብታ አስረዳች፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሣ።

በሳምንቱ ይስማው እንደገና በሯ ላይ ቆመ።

«አሁንማ ክስ የለብህም። ምን አመጣህ?»

«እሱ ነዋ የቸገረኝ። አንቺ ዘንድ የምመጣበት ምክንያት አጣሁ።»

የዓለምዘርፍ ሳቀች። ከዚያ አቀርቅራ፣

«የአባቴ ቤት ደብረ ወርቅ ነው» አለችው በቀስታ። «ሽማግሌ ቢመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።»

 የይስማው ሽማግሎች ብዙም ሳይቆዩ ደብረ ወርቅ ገቡ። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሠርጉ ሆነ። አባቷ ሁለቱንም ጉልበታቸው ሥር አንበርክከው ሲመርቁ፣ ያለቀሰው ሙሽራው ነበር።