የተጣበቁት ሳንቲሞች

የድሬዳዋ ሙቀት ጋብ ሲል፣ የሰፈሩ ሰው ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ ፊቱን በሚታጠብበት ሰዓት፣ ገብረየስ በረንዳው ላይ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥና የወተት ጣሳውን ክዳን ይከፍታል። ጣሳው ውስጥ የወይራ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ውስጥ ደግሞ የሕፃን ጡጫ የሚያህል አረንጓዴ ጓል። ጓሉ አሥራ አንድ የመዳብ ሳንቲሞች ነው፤ ሮማውያን ግብፅን ሲገዙ እስክንድርያ ላይ የተሠሩ፣ ዝገት እርስ በርስ ያጣበቃቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አፍንጫው የተበላ የንጉሥ ፊት ያለባቸው። ገብረየስ ጡረታ ሳይወጣ፣ ባቡር ቤት ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ላይ ሲሠራ ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት አሮጌ ሳንቲም ሰብስቧል። እንዲህ ያለ ግን እጁ ገብቶ አያውቅም።

ያመጣለት ሮብሌ የሚባል ከባሕር ዳርቻ በኩል የመጣ የግመል ነጋዴ ነበር። ከነአሸዋው ጠረጴዛው ላይ ደፋው እንጂ ጓሉን በጣቱ አልነካውም።

«እንዳትለያየው» አለ።

«ሳልለያየው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ የሸጥኩልህ አንድ ነገር ነው፣ ሽማግሌው። አሥራ አንድ አልሸጥኩልህም።»

የመጀመሪያው ሳንቲም ጓሉ ዘይት ውስጥ በገባ በአራተኛው ቀን ለቀቀ። ጠርዙን በቀርከሃ ስንጥር ሲፈለቅቀው የሰማው ድምፅ የብረት አልነበረም፤ በእንቅልፍ የደረቀ ከንፈር ሲላቀቅ የሚሰማውን የመሰለ፣ ትንሽና እርጥብ ድምፅ ነበር። በዚያው ምሽት የሻይ ብርጭቆውን ሲያነሣ ከሥሩ ያለው ማስቀመጫ ሳህን አብሮ ተነሣ።

«ምን አስነካህበት? ማስቲሽ ነው?» አለች ሚስቱ የሺመቤት።

«ስኳር ነው።»

«ስኳር አልጨመርኩልህም።»

ብርጭቆውን ተቀብላ በሙቅ ውኃ ብትዘፈዝፈውም አልለቀቀም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ቅዳሜ ጅጅጋ እሄዳለሁ፤ ሐረገወይን ጋ» አለች። ሐረገወይን ልጃቸው ናት።

«ስንት ቀን?»

«ለጥየቃ አይደለም።»

ገብረየስ ጮኾባት አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ዝም ብሎ ማስቀረት ነው። አምና ልትሄድ ስትነሣ መታወቂያዋን ከሳንቲሞቹ ሣጥን ሥር ደብቆ፣ ቤቱን ስታምስ ሦስት ቀን አብሯት ሲፈልግ ነበር። በመጨረሻ ራሷ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ መታወቂያዋ ከጡቷ ሥር አይለይም።

ሁለተኛው ሳንቲም ሲለቅ የጓዳው መሳቢያ አልከፈት አለ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲለቁ የመኝታ ቤቱ መስኮት ከነክፈፉ አንድ ሆነ፤ ቤቱ ውስጥ የታፈነው አየር የዘይትና የቆየ መዳብ ሽታ እየያዘ ሄደ፣ ምላስ ላይ እንደሚቀር የደም ጣዕም ያለ። ከበረንዳው አምፖል አጠገብ አንድ እንሽላሊት ግድግዳው ላይ ነበር። በማግስቱም እዚያው ነበር። በሦስተኛው ቀን ገብረየስ የሞተ መስሎት በመጥረጊያ እንጨት ሊያወርደው ሲጠጋ ዓይኑ ዞሮ አየው፤ ከሆዱ ሥር፣ ከኖራው ጋር በተገናኘበት ላይ፣ ክር የሚያህል አረንጓዴ መስመር ነበረ። መጥረጊያውን መልሶ አቆመና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። በዚያ ቀን ሁለት ሳንቲም አላቀቀ።

ዓርብ ጠዋት የሺመቤት ዓይኗን መግለጥ አቅቷት በጨርቅና በሙቅ ውኃ ስታሻሸው ቆየች። ጨርቁን ስታስቀምጥ ግራ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። የመሀልና የቀለበት ጣቶቿ አልተለያዩም፤ በመካከላቸው ያ ክር የመሰለ መስመር ወርዷል።

«ገብረየስ» አለች፤ ስሙን ከጠራችው ብዙ ወር ሆኗት ነበር። «እጅህን ከዚያ ነገር ላይ አንሣ።»

«ሙቀቱ ነው።»

«አንተ ታውቃለህ ምን እንደሆነ።»

ያውቅ ነበር። ዘጠኙ ለቀው የቀሩት ሁለት ሳንቲሞች ብቻ ነበሩ፣ ፊት ለፊት ተጣብቀው፣ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ተደፍቶ። ክዳኑን ገጥሞ ጣሳውን መደርደሪያ ላይ አወጣው። እሷ ሻንጣዋን ስትሞላ፣ ጫማዋን ከበሩ አጠገብ ስታኖር፣ ለባጃጅ ሾፌሩ ደውላ «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እንዳትቀር የኔ ልጅ» ስትል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማት። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ እንደሚሆን አሰበ።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ባጃጁ ውጭ ጥሩንባውን ነፋ። የሺመቤት ሻንጣዋን በቀኝ እጇ ይዛ ግቢውን አቋረጠች፤ እሱን አላየችውም። ገብረየስ ጣሳውን አወረደ፣ ሁለቱን ሳንቲሞች ከዘይቱ አወጣ፣ ስንጥሩንም በመካከላቸው ሰካ። ያ እርጥብ ድምፅ ተሰማ።

የግቢው በር አልተከፈተም። ስትገፋው፣ በትከሻዋ ስትመታው፣ ከዚያም ስታቆም ሰማ። ባጃጁ ሁለት ጊዜ ነፋ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። ገብረየስ ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ።

እርምጃዋ ቀስ ብሎ ተመልሶ መጣ። ሻንጣው ከቀኝ እጇ ጋር ተንጠልጥሏል፤ ልታስቀምጠው አልሞከረችም። ከንፈሮቿ ገጥመው ነበር፤ በመካከላቸው ያ መስመር አለ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን አሥራ አንድ ፊቶች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አይዞሽ» አላት በለሆሳስ። «ነገ ቁልፍ ሠሪ እንጠራለን።»

ሊነሣ ሲል ወንበሩ አብሮት ተነሣና መልሶ አስቀመጠው። የሺመቤት ግራ እጇን አነሣች፤ አምስቱም ጣቶቿ አንድ ሆነው ነበርና በመካከላቸው ብርሃን አላለፈም። መዳፏን አፉና አፍንጫው ላይ፣ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደምትለካ አድርጋ፣ በዝግታ አሳረፈችው፤ አልተጫነችውም፣ እስኪጣበቅ ብቻ ጠበቀች።