የእትዬ ወለላ እሳት

ይርገዱ ጠዋት ስትነቃ ከሁሉ በፊት ከጎኗ የተኛችውን ልጇን ትርሲትን በእጇ ትዳስሳለች። ትንፋሿን ሰምታ፣ ሙቀቷን አረጋግጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ምድጃው የምትሄደው። ማታ አመድ አልብሳ ያዳፈነችው ፍም ካደረ ቀኑ በደህና ጀመረ ማለት ነው። ጦርነቱ ወደ ከተማይቱ ከተጠጋ ወዲህ መብራት የለም፣ ክብሪትም ከሱቅ ጠፍቷል፤ ሰፈሩ የሚኖረው እሳት ያለው ቤት ለሌለው እያካፈለ ነው። እሳት የጠፋባት እናት ልጇን ገል አስይዛ ጎረቤት ትልካለች እንጂ ራሷ አትሄድም። እሳቷን አጥፍታ በየደጁ የምትዞር ሴት ሰነፍ ትባላለች።

ትርሲት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ወታደር ሰፍሮበት ከተዘጋ ጀምሮ ቀኗን የምታሳልፈው ደጃፉ ላይ ነው፤ በጠጠር ፋንታ በለቀመችው የጥይት ቀለህ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች፣ ሲሰለቻት በከሰል ግድግዳው ላይ ፊደል እየጻፈች እናቷን ታስጠናለች። «ትናንት ያሳየሁሽን ረሳሽው እንዴ፣ እማዬ? አንቺማ ክፍላችን ብትሆኚ ከጥቁር ሰሌዳው ስር አትጠፊም ነበር፣ ተንበርክከሽ» ትላታለች። ከተራራው መድፍ ሲያጓራ ደግሞ ቀለሁን ወደ ላይ እንደወረወረች፣ «ይሄ የሚሄድ ነው» ወይም «ይሄ የሚመጣ ነው» ትላለች። የሚመጣ ከሆነ ሁለቱም አልጋ ስር ይገባሉ። ልጇ ይህን ለይታ ማወቋ ይርገዱን ከመድፉ ይልቅ ያስፈራታል። ይዛት እንዳትሄድ ግን ባሏ ሙላት ቁስለኛ ሊያነሳ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር እንደወጣ አልተመለሰም። ቢመለስ ዝግ ቤት ያገኛል። ነገ ይመጣል እያለች፣ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ በራቸውን ቆልፈው ሲሄዱ እያየች ቀረች።

አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣሪያውን አልፎ ምድጃው ውስጥ ገባና ያዳፈነችው ፍም ጠፍቶ አደረ። ይርገዱ ገሉን ለትርሲት ሰጠቻት፤ እሳት የሚሰጣት ሰው ማግኘቷን ግን ተጠራጠረች። ልጅቱ ብዙም ሳትቆይ፣ ቀይ ፍም የሞላበትን ገል በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች።

«ከየት አገኘሽ?»

«ከእትዬ ወለላ።»

ይርገዱ ደስ አላት። እትዬ ወለላ ከመንገዱ ጫፍ ያሉ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ደጃቸው ላይ አስቀምጠው ቆሎ የሚያበሉ ሴት ናቸው። ሄደዋል ብላ ነበር። «አሉ እንዴ? ጎሽ፣ አንድ ሰው እንኳ ይኑረን» አለች። ሄዳ ልትጠይቃቸው አሰበች፣ ነገር ግን ባዶ እጇን ሄዳ፣ ያውም በልጇ እሳት አስጭራ፣ ምን ብላ ፊታቸው ትቆማለች?

እሳቱ ግን እንደ ሌላው እሳት አልሆነም። ፍሙ እየቀላ ሽሮው ሳይፈላ ይቆያል፣ ጭስ የለውም፣ ጭስ መሽተት በነበረበት ቦታም ቤቱን የሚሞላው አዲስ እንደተቆፈረ ጉድጓድ ያለ፣ እርጥብና ከባድ የአፈር ሽታ ነው። የቱንም ያህል አመድ ብታለብሰው አያድርም፤ ስለዚህ ትርሲት በየቀኑ መሄድ ጀመረች። ከጠፋው ፍም አንዱን ከሰል አንስታ ግድግዳው ላይ ልትጽፍ ብትሞክር ከሰሉ ምንም ምልክት አልተወም። ደጋግማ ፋቀችው። ከዚያ ጣቶቿን አየቻቸው፤ ንጹሕ ነበሩ።

«ርሶ ይሆናል» አለች ይርገዱ።

ልጅቱ ከእትዬ ወለላ ቤት የምትመለስበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። አንድ ቀን ፀጉሯ ከስሩ ተወጥሮ፣ በቀጫጭኑ ሹሩባ ተሠርቶ መጣች። ይርገዱ ስትነካው እርጥብ ነበር፤ በክሮቹ መካከል ደቃቅ አፈር አለ።

«ማን ሠራሽ?»

«እትዬ ወለላ። እጃቸው በጣም ይቀዘቅዛል፣ እማዬ።»

«ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ማን አለ?»

ትርሲት ቀለሆቿን አንኳኳች። «ጨለማ ስለሆነ አይታይም። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው በር አይከፍቱም፣ ከበሩ ስር ባለው ቀዳዳ ነው የምገባው። አንቺን ለእናትሽ ከመለስኩሽ በኋላ እኔ ምን ይዤ እቀራለሁ ይሉኛል።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ሣቅኩ።»

ይርገዱ ያን ዕለት በሩን ደጋግማ ዘጋች፣ ደጋግማ ከፈተች፣ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ነገ እኔው እሄዳለሁ አለች። በማግስቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ መድፉ ፋታ አልሰጠም። ወደ ማታ ጋብ ሲል ልጅቱ ራቧን መቻል አቃታት፤ ይርገዱ አልጋውን ለማስተካከል ዘወር ባለችበት፣ ገሏን አንስታ ወጣች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ የእድር ዳኛ ጋሽ መከተ ነበሩ፤ በትከሻቸው ብርድ ልብስ ጥለው ያለከልካሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ልጅ? የመጨረሻው መኪና አደባባዩ ላይ ቆሟል። ከመምሸቱ በፊት ይነሳል። ከዚህ መንገድ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።»

«እትዬ ወለላስ፣ ጋሽዬ?»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞሩ። «ወለላን እኮ እኔ ነኝ የቀበርኳት። ቤቷ የተመታ ለት። ቤተ ክርስቲያን መድረስ ስላልተቻለ ከጓሮዋ አገባናት። የቀራችሁት እንዳትሸበሩ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ይርገዱ የሚሉትን ሰምታ አልጨረሰችም። ዞር ስትል ልጇም ገሉም የሉም፤ ጫማዋን ሳታጠልቅ በጭቃው ሮጠች። የእትዬ ወለላ ቤት ከመንገዱ ሲያዩት ደህና ነበር፤ ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ከግርጌው ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ትከሻዋን አስደግፋ ስትገፋው በሩ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከበሩ ጀርባ ቤት የለም። የኋላው ግድግዳ ተነድሎ፣ ጣሪያው ጓሮ ተጥሎ፣ ምድጃው የዝናብ ውሃ ሞልቶበት፣ ከላይ ደመና ብቻ ነበር። ከምድጃው ወዲያ የአፈር ክምር አለ፤ ክምሩ መሃል ለመሃል ወደ ውስጥ ሰምጧል። ከዚያ ከሰመጠው በኩል፣ በጣም በዝግታ፣ ማበጠሪያ ፀጉር ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ።

«ትርሲት» አለች።

«እማዬ።»

ዞር ስትል ልጅቱ መንገዱ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቃ። ይርገዱ ዘልላ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ቀዝቃዛ እጇን ጨብጣ ወደ አደባባዩ ትጎትታት ጀመር። ገሏን የት እንዳደረገች ጠየቀቻት፤ አልመለሰችላትም። ደንግጣ ነው አለች በልቧ፣ እኔም ደንግጫለሁ። ቤቷ ክፍት ቀረ፣ ልብሱ ቀረ፣ ሙላትም ከመጣ ሰው ይነግረዋል፤ ልጄን ካወጣሁ ሌላው ይቅር እያለች ሮጠች።

ሰዎች ከመኪናው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሳቧቸው። ይርገዱ ከኋለኛው መዝጊያ ስር፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መካከል ተቀምጣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አደረገቻት። አጠገቧ ያለች አንዲት እናት ዳቦ ቆርሳ ዘረጋችላት። «ብይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ። ልጅሽ ዓይን አፋር ናት?» ስትል፣ ይርገዱ «እሷ? ኧረ አፏ አያርፍም» አለች። ለመሣቅም ሞከረች። መኪናው ተነሳ። ከተራራው መድፍ ተተኮሰ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀበረ፤ ጭኗ ላይ ያለችው ልጅ ግን የሚሄድ ይሁን የሚመጣ አላለችም፣ ዓይኗንም አላርገበገበችም። ይርገዱ ልታባብላት እጇን በነጠላው ስር ወደ ፀጉሯ አስገባች። የዳሰሰችው የዝናብ ውሃ እንደጠጣ አፈር እርጥብ ነበር፣ በጣቶቿም መካከል ተፈረፈረ።

ያኔ ቀና አለች። መኪናው አደባባዩን ዞሮ የሰፈራቸውን መንገድ አፍ እያለፈ ነበር። ከመንገዱ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ነጠላ የሌላት፣ ሹሩባዋ ግማሹ የተፈታ፣ ፍም የያዘ ገል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንዳይደፋባት እየተጠነቀቀች፣ ግራ ቀኝ እያየች በእርጋታ ወጣች፤ ከኋላዋ፣ ከግድግዳው ጥላ ውስጥ፣ አንድ የተዘረጋ ረጅም እጅ ማበጠሪያ ይዞ ይከተላታል።

ይርገዱ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ጭኗ ላይ ያለችው ቀዝቃዛ መዳፏን ከንፈሯ ላይ አሳረፈችና፣ እናት ልጇን እንደምታባብል፣ በእትዬ ወለላ ድምፅ፣ «ዝም በይ፣ የኔ ልጅ፣ እሷን እኔ አሳድጋታለሁ» አለቻት።