አየር መሳቢያው ላይ የለጠፍኩት ላስቲክ

ይህ ከሰው የሰማሁት አይደለም... በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ጨለማ ያስፈልጋል ያለ ሰው ተሳስቷል።

የምሠራው ጥፍር ማስዋቢያ ቤት ነበር። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፣ አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ አይከፈትም። ከተከፈተ አቧራ ይገባና ያልደረቀ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ደንበኛ ትቆጣለች፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጣሪያው ሥር አየር መሳቢያ ነበረን። እሱም ሲዞር የሞረድነውን የጥፍር ብናኝ እያነሣ ቀለሙ ላይ ይበትነዋል። አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ ከሶኬት ነቀልኩት። አፉን በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፍኩት።

የቤቱ ባለቤት ማዳም «አንቺ እኮ ጭንቅላት አለሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

አዎ... የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ የታናሽ እህቴ ነው። ሥራውን ያስተማርኳት፣ እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ይሄኛውን ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንጠብቀው።

ያን ቀን አንዲት አዲስ ደንበኛ በሩን ከፍታ ገባችና አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች።

«ውይ! ሰው እንዴት ነው እዚህ የሚውለው?»

«ምን ሸተተሽ?» አልኳት። የምሬን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሰባተኛው ዓመት ወዲህ ምንም ሸቶኝ አያውቅም።

«ተያት፣ የሷ አፍንጫ ለጌጥ ነው» አለች ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሬዲዮ። አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የምንላት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እህቴ አልሳቀችም።

ደንበኛዋ እሷ ፊት ተቀመጠች። አንድ እጇ ተቀብቶ እንዳለቀ ስልክ ተደወለላትና ወሬ ጀመረች። ይሄኔ እህቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እታለም...»

«ወዬ።»

«ልጁ ቆሟል።»

«ቆሟል ማለት?»

«አይራገጥም። እዚህ ስገባ ያቆማል... ደረጃውን ወርጄ መንገድ ላይ ስደርስ ይጀምራል።»

«ተኝቶ ነዋ።»

«በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል? የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንዴ?»

ልስቅ ነበር። ዓይኗን ሳይ ተውኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ ተዪ ትዪኛለሽ ብዬ። ዛሬ ግን... ጠዋት ቤትም አልተነሣም።»

ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ።

ላስቲኩ ተነፋ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ።

ተነፋ... ተሰረጎደ...

አየር መሳቢያው ተነቅሏል። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ነፋስ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነፋስ ግን እንዲህ ልክ አይጠብቅም። የትልቅ ሰው ትንፋሽም አይመስልም። አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው... የተኛ ጨቅላ ደረት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሬዲዮ ዝም አለች።

ዞር ስል እሷም ቀና ብላ ታያለች።

«አንቺ... ያ ነገር...» አለች በሹክሹክታ። አልጨረሰችውም።

ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ። እዚያው ቀረ።

እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አልተመለሰም።

እህቴ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተነሺ» አልኳት።

ማዳም ከበሩ ጮኸች። «የት ነው? የሰው አንድ እጅ ቀብታችሁ?»

«በአንድ እጇ ትሂድ!» አልኩና እህቴን ክንዷን ይዤ ወጣሁ።

ደረጃውን ወረድን። መንገድ ላይ ደረስን።

«ጀመረ?»

«አልጀመረም።»

አስፋልቱን ተሻገርን።

«አሁንስ?»

እንባዋ ይወርዳል።

ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። የሥራ ጋዋናችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሆዷን ቅባት ቀብተው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስኬዱበት። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ልቡ ይመታል» አሉ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ታዲያ ምነው አልራገጥ አለ?» አለች እህቴ።

«እዪው እስቲ። ሁለት መዳፉን አፍንጫውና አፉ ላይ ጭኗል። ምን ሸቶት ይሆን ጌታው?» ሳቁ። «ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፣ አይዞሽ።»

ስልኬ ጠራ። ማዳም ናት። ላናግራት ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ገና ሃሎ ሳልል...

«እታለም! ነይ እዪው! እጁን አወረደ! ውይ፣ ይራገጣል!»

ሮጬ ገባሁ።

ስክሪኑ ላይ አንዷ ትንሽ እጅ ተነሣች... ከዚያ ሌላዋ። አፍንጫውና አፉ ላይ ተጫኑ።

ሐኪሙ ሳቃቸውን አቆሙ።

«እስቲ... አንዴ ውጪ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ወጣሁ።

«አወረደ» አለች እህቴ ከውስጥ። ድምፅዋ ተለውጧል።

«እስቲ ግቢ» አሉ ሐኪሙ።

ገባሁ።

«አነሣ...»

ማንም ሳይነግረኝ ተመልሼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። በኃይል ሳብኩ።

ምንም አልሸተተኝም።

«እታለም፣ የት ሄድሽ?»

«እዚሁ ነኝ።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውጭ ሆኜ ስክሪኑ ይታየኛል። ልጁ እጁን አውርዶ ይራገጣል። እንደማንኛውም ልጅ።

አንድ እግሬን ብቻ ደፉን አሻገርኩ።

እጁን አላነሣም። መራገጡን አቆመ።

ከዚያ ያ ትንሽ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ዞረና... ፊቱን ወደ በሩ አደረገ።