የአዳም ግምገማ

ተማሪው የሻምበል ከመድረኩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ፊቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል። በጀሪካን የተቀዳለትን ውሃ ገና ሳይታጠብበት ደፍቶታል።

«መጨረሻ ላይ ማንም እኮ አላጨበጨበም» አለችው ይታየሽ፣ ቴአትሩን የጻፈችው የክፍል ጓደኛው።

ሲጀመር ግን ተመልካቾቹ ስቀዋል። ለወላጆች ቀን ሰቆጣ ያለው የትምህርት ቤታቸው ግቢ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በቴአትሩ ፈጣሪ አዳምን ከጭቃ አበጅቶ እስትንፋስ ሊሰጠው ሲል መላእክቱ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይገምገም» ይላሉ። ወንበር ይደረደራል፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይመረጣል። አንዱ መልአክ «ገና ሳይፈጠር የመኩራራት አዝማሚያ አሳይቷል» ሲል ወላጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ግምገማው አያልቅም፤ ለነገ ይቀጠራል፤ ጭቃው ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ሲፈቀድ ፈጣሪ እፍ ይላል፤ እስትንፋሱ ግን በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል። አዳም የሆነው የሻምበል ዓይኑን እንዳፈጠጠ መጋረጃው ተዘጋ። ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዶች ከዚያ በፊት ተነስተው ሄደዋል።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ይታየሽ ፊት ለፊት ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቴአትሩ ስለሾፈበት ግምገማ ማንም አላነሳም። የፈጣሪን ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ ያነበበችው እሷ ነበረች፤ ወንዶቹ ሁሉ «እኔ አልደፍርም» ስላሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ መምህር ካሤ፣ የያዙት ይህንኑ ነው።

«በፈጣሪ ላይ አላግጣለች። ፈጣሪ በሴት ድምፅ ይናገራል?»

ከስብሰባው በፊት ተዋንያኑን ቢሮ ጠርተው ነበር። «አታለለችን በሉና ፈተናችሁን ተፈተኑ። አለበለዚያ አብራችኋት ትባረራላችሁ።»

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። የሻምበል አባት በየገበያው ቀን ከጋዝጊብላ ስንቅ ተሸክመው በእግራቸው የሚመጡት ለዚያ ፈተና ነው። ይታየሽ ከተባረረች ደግሞ አጎቷ ሊልኳት ደላላ አነጋግረው ጨርሰዋል፤ ጅዳ፣ ታላቅ እህቷ ወደሄደችበት። እህቷ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም።

የመላእክቱን ሊቀ መንበር የተጫወተው አሥራተ ማርያም ቀድሞ ተነሳ።

«አታለለችን። ጣጣ እንዳለው አልነገረችንም።» ሲቀመጥ የሻምበልን በክርኑ ጎሸም አደረገው። «አንተ አዳም አይደለህ? ‹ሴቲቱ ናት› በላ! ከጥንት የለመድከው ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት አፋቸውን አፍነው ሳቁ።

«የሻምበል!» አሉ መምህር ካሤ። «ና ወደዚህ። ማን ነው ያሳሳተህ?»

«ማንም።»

«ጮክ በል!»

«ማንም አላሳሳተኝም፣ ቲቸር። ሳነበው ሳቅኩ። ከዚያ ልሥራው አልኩ።»

«በፈጣሪ ነው የሳቅከው?»

«አይ። በእኛ ነው።»

መምህር ካሤ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው እስኪያደርጉት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይበቃል። እጅ በማውጣት እንወስናለን፤ ትባረር የሚል ያወጣል። አንተ ወደ ቦታህ ተመለስ።»

ይታየሽ ቀና ሳትል «ሂድ እንጂ፣ ጅል» አለችው በሹክሹክታ። «አባትህ ምን ሊሉ ነው?»

የሻምበል ምን እንደሚሉ አያውቅም። ምናልባት ምንም አይሉም፤ ያመጡትን ስንቅ መልሰው ተሸክመው ከፊቱ ከፊቱ ይሄዳሉ። አሥራተ ማርያም ቦታ ለቆለት በእጁ ይጠራዋል።

አልሄደም። ከወንበሯ ጎን አቧራው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ተማሪው አዞረ።

ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ እጆች መነሳት ጀመሩ።