ያልተበሳው ቀይ ካባ

የሕዝብ እንደራሴ ባርዣቬል በሳን ክሉ ቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ ጭቃ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቀዩ የምክር ቤት ካባ እግሩን ሸፍኖ፣ አንድ ስንዝር ተርፎ መሬት ይጠርጋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዘውድ የሚጭነው የጄኔራል ቦናፓርት ወታደሮች ምክር ቤቱን በሳንጃ የበተኑት ትናንት ነበር።

ገዳዩ ወታደር ገሪኖ ነው ተብሎ ተይዟል። ሲደበድቡት አድረው ፊቱ አብጧል፤ ሳይረፍድ ይረሸናል።

«በዓይኔ አየሁ!» አለ ቁመተ ሎጋው እንደራሴ ቮሴል። «አዳራሹ ውስጥ፣ ካባውን እንደለበሰ፣ ከኋላው በሳንጃ ወጋው።»

«ውሸታም!» ገሪኖ ደም ተፋ። «እኔ ያሳረፍኩበት ሰደፍ ነው፤ እሱንም መቀመጫው ላይ!»

የፖሊስ መርማሪው ኮሚሴር ላጋሬን ወደ አትክልተኛው ዞረ። «ዜጋ ሉቤ፣ ትናንት ምን ስትለቅም ዋልክ?»

«ካባ ነዋ! ጌቶቹ በመስኮት ሲዘሉ እግራቸውን ቢጠልፋቸው በየቁጥቋጦው እየወረወሩ እንደ ጥንቸል ፈረጠጡ። የሟቹም እኔ ጋ አለ፤ አንገቱ ላይ ስሙ ተሰፍቶበታል።»

ላጋሬን ተንበርክኮ ካባውን ገለጠ፤ ቁስሉን በጣቱ ለካ። ከዚያ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ሸሚዙ ተበስቷል፤ ካባው ግን ደህና ነው። ስለዚህ ሲወጋ ካባ አልለበሰም። ከመስኮት ከዘለለ በኋላ፣ እዚሁ ነው የሞተው። ሳንጃ ሦስት ጠርዝ አለው፤ ይህ ቁስል ጠፍጣፋ፣ የጩቤ ነው። ሬሳን ካባ የሚያለብስ ማነው? አዳራሽ ውስጥ ሞተ ማለት የፈለገ። የሟቹ ካባ ሉቤ ዘንድ ነው፤ ይሄኛው ስሙ የተተረተረ፣ የረጅም ሰው ነው። ዜጋ ቮሴል፣ ሌላው ሲጥል እርስዎ ካባዎን በብብትዎ ይዘው ሮጡ። አዲሱ ጌታ ማታ የቀሩትን እንደራሴዎች ድምፅ ሊያሰጥ ሲሰበስብ ይጠራኛል ብለው!»

«ይናገርብኝ ነበር!» ቮሴል ጮኸ። «ጄኔራሉን በጩቤ እጥላለሁ ብዬ የማልኩት እሱ ፊት ነው!»

ጩቤውን መዝዞ የላጋሬንን ክንድ ሸረከተው። ገሪኖ የታሰሩ እጆቹን እንደ መዶሻ አንስቶ የቮሴልን መንጋጋ ሰበረ።

የወታደሮቹ አዛዥ ኮሎኔል ሞንጁ ፊቱ ላይ የተረጨውን ደም ጠረገ። «ተኳሾቹ ተሰልፈዋል» አለ። «ሰውዬውን ብቻ ለውጡ።»

«ያለ ፍርድ?» አለ ላጋሬን ክንዱን ጨብጦ።

«ከትናንት ወዲህ ፍርዱ እኛ ነን።» ኮሎኔሉ የገሪኖን ገመድ በሰይፉ በጥሶ ጠመንጃ ሰጠው። «አንተም ተሰለፍ።»

በገመዱ የደነዘዙት የገሪኖ ጣቶች ሁለት ጊዜ እምቢ አሉት፤ በሦስተኛው ጠመንጃውን ጨበጠ። ላጋሬን ያዳነውን ሰው ሊያይ ቀና ሲል፣ ገሪኖ ከተኳሾቹ መሐል ዓይኑን ጨፍኖ ቮሴል ላይ ተኮሰ።